የአራሶቹ ካሴት

የልጅ ልጄን ደረት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በቤቴ መስኮት ላይ ነው። የራጁን ፊልም ከፖስታው አውጥታ በሁለት እጇ ወደ ብርሃኑ አነሳችልኝ። የጎድን አጥንቶቿ እንደ ጣሪያ ማገር ተደርድረዋል። ልቧ ወደ አንድ ወገን ዘንበል ብሎ ነጥቷል። በላይ በኩል፣ ከአንገት አጥንቷ ዝቅ ብሎ፣ አንዲት ነጭ ጠብታ አለች። ባቄላ ታክላለች፤ ጠርዟ ደብዘዝ ያለ ነው።

"ይቺ ናት፣ እማዬ" አለችኝ። "ልጄን ያስወሰደችብኝ ይቺ ናት።"

እኔ ስላሳደግኳት እማዬ ነው የምትለኝ። እናቷ፣ የኔ ልጅ፣ ገና በእቅፏ ሳለች ነው የሞተችው። ቡታጅራ ገበያ ቅቤ እየሸጥኩ አሳድጌ ቡኢ ዳርኳት። በዚያ ክረምት ማብቂያ ላይ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች፤ ሴት ናት። እኔም እንደ ወጉ ለጋ ቅቤ ይዤ ሄጄ አናቷን ቀባኋት፤ ከጆሮዋ ጀርባ ወርዶ አንገቷን እስኪያርስ ድረስ። በእኛ ዘንድ አራስ ደረቅ ራስ ይዛ አትቀመጥም። የቡላ ገንፎዋን ትበላለች፣ ቅቤዋን ትቀባለች፣ ልጇን ታቅፋ ትተኛለች። ሌላ ሥራ የላትም።

እሷ ግን ሳል ያዛት። የማይለቅ ደረቅ ሳል ነው። ባሏ ቡታጅራ ድረስ አምጥቶ አንድ የግል ክሊኒክ አሳያት። አክታዋ ተመረመረ፤ ምንም የለበትም ተባለ። ራጅ ተነሳች፤ ይቺ ነጭ ነገር ወጣች። ሐኪሙ የተናገረው ትንሽ ነው፤ "አክታሽ ነጻ ነው፣ ፊልሙ ላይ ግን ጥላ አለ፣ ትንሽ ቆይተሽ ድገሚና እናየዋለን፣ እስከዚያ ስታጠቢ አፍሽን ሸፍኚ።" አማቷ ግን አክታውን አልሰማችም፤ ፊልሙን ነው ያየችው። ሕፃኗን በዚያው ቀን ከእቅፏ ወስዳ በጣሳ ወተት ማሳደግ ጀመረች። የልጅ ልጄን ሳህኗንና ኩባያዋን በፌስታል ቋጥረው ወደ እኔ ላኳት። የሰው ልጅ ከነዕቃው እንደ ቆሻሻ ሲላክ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ባሏ በየቀኑ ይደውላል። "ፊልሙ ከጠራ ልጅቷ ትመለሳለች ብላለች እናቴ" ይላል። "ካልጠራስ?" እለዋለሁ። ስልኩን ይዘጋዋል።

"ጡትሽ እንዳይደርቅ" አልኳት፤ "እለቢው።" ታልበዋለች፣ የሚጠጣው ግን የለም። ከጓሮዬ ባለው እንሰት ሥር ታፈሰዋለች። ወተቱ አፈሩ ላይ ነጭ ሆኖ ትንሽ ይቆይና መሬቱ ይመጠዋል። ሰንበት ብሎ ድመቶች መምጣት ጀመሩ። የሰፈራችን ድመቶች አይደሉም፤ የሰፈራችንን አውቃለሁ። ከእንሰቱ ቅጠል ጥላ ሥር ተቀምጠው የጓሮውን በር ያያሉ። ድንጋይ ብወረውርም ገለል ይሉና ይመለሳሉ። እሷ ልታልብ ስትወጣ አንዳቸውም አይጮኹም፤ ብቻ ይጠብቋታል።

ለድጋሚው ቀጠሮ አብሬያት ሄድኩ። ባለ ባጃጁ የቅቤዋን ሽታ ሰምቶ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ሲላት ፊቷን አዞረች። ልጅ የሌላት አራስ ምን ትመልሳለች?

የክሊኒኩ የራጅ ክፍል ከግቢው ጀርባ ነው፤ መስኮት የለውም። ከበሩ በላይ ቀይ አምፖል አለ፤ ሲበራ ማንም አይገባም። ፊት ለፊቱ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ቀዩ ሲበራ ከግድግዳው ውስጥ አንድ ነገር እያጉረመረመ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ቀጭ ይልና ዝም ይላል። በዚያች ቅጽበት ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወሬውን ያቋርጣል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እኔም አቋረጥኩ።

ሁለት ሌሎች አራሶች ተቀምጠው ነበር። በቅቤው ሽታ ነው ያወቅኋቸው። የሙያዬ ነገር ሆኖ ማን ለጋ፣ ማን የከረመ እንደተቀባች ሳልነካ እለያለሁ። አንዷ ወፍራም፣ ተጫዋች፣ ቡታጅራ ልብስ የምትነግድ ናት። ሁለተኛዋ ከጉብሬ በኩል ነው የመጣሁት ያለች ዝምተኛ ሴት ናት። ቤተሰብ እዚህ ኖሯት ልትታረስ መጥታ የታመመች ይመስለኛል። ፊልሟን ፊቱን ወደ ታች ደፍታ ጭኗ ላይ ይዛዋለች።

"አንቺንም ድገሚ አሉሽ?" አለቻት ነጋዴዋ የልጅ ልጄን። "ባሌ እኮ ሳቀብኝ። ለሠርግሽ ፎቶ አልነሳም ያልሽ ሴትዮ ዛሬ ደረትሽን ሁለት ጊዜ ትነሻለሽ አለኝ።"

"ምን አገኙብሽ?" አልኳት እኔ።

"እንጃ እማማ፣ ባቄላ ነው የሚመስለው።"

ፊልሟን ተቀበልኳት። ወደ ሰማይ አነሳሁት። ጠብታዋ እዚያው ቦታ ነበረች። የልጅ ልጄን ፊልም ከላዩ ላይ ደረብኩና ጠርዝ ከጠርዝ አስተካክዬ ፀሐይ ላይ አነሳኋቸው። የነጋዴዋ ጎድን ሰፊ ነው፣ የልጄ ጠባብ ነው። ልብ ከልብ አልገጠመም። ትከሻ ከትከሻ አልገጠመም። ነጯ ነገር ግን ከነጯ ጋር ገጠመች፤ አንዲት ሆነች።

የጉብሬዋ ሴት የራሷን ፊልም ዘረጋችልኝ። ሦስተኛውን ደረብኩ። ጨለመ፣ ሦስት ደረት ተደራርቦ ምንም የማይታይ ሆነ። ከጨለማው መካከል ያቺ ብቻ ታበራለች።

ፊልሞቹን ዝቅ አደረግኳቸው።

"ኧረ እኔን! እዚህ ወንበር ላይ የሆነ ነገር አለ" ብላ ነጋዴዋ ብድግ አለች። "ተነሺ አንቺም፣ ተነሺ እላለሁ! አራስ የሚከተል ነገር ነው።"

"አንድ እጅ ነው የነካን" አለች የጉብሬዋ ሴት በቀስታ። በዚያን ቀን የሰማሁት የእርሷ ረጅሙ ንግግር ይኸው ነው።

ጂኒ የለም አልልም፤ ሙስሊም ነኝ። ግን ጂኒ በሦስት ሴት ደረት ላይ አንድ ቦታ ለክቶ አያስቀምጥም ብዬ አሰብኩ። እየለኩ ማስቀመጥ የሰው ጠባይ ነው። ፊልሞቹን እንደያዝኩ ተመልሼ ተቀመጥኩና በሩን ማየት ጀመርኩ።

አንድ ሽማግሌ ገበሬ ገባ። የራጁ ባለሙያ በሩን ገርበብ አድርጎ ከቀኝ መደርደሪያ አንድ ጥቁር ጠፍጣፋ ሳጥን ሲያወርድ አየሁ። አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል። ቀጥሎ አንዲት መምህርት ገባች፤ ራሷ ደረቅ ነው፤ አሁንም ያንኑ አወረደ። ከዚያ ነጋዴዋ ተጠራች። ባለሙያው በር ላይ ቆሞ "ቅቤ አለ?" አላት።

"አለ" አለች።

ወደ ግራ ዞረ። ከግራ መደርደሪያ ያወረደው ሳጥን ማዕዘኑ በፕላስተር የተጠቀለለ ነው።

ገበያ ውስጥ ሚዛን የተጠራጠርኩ እንደሆነ አልጨቃጨቅም። ዕቃውንና ድንጋዩን ቦታ አቀያይሬ እንደገና አስመዝናለሁ። ሚዛኑ እውነተኛ ከሆነ ምንም አይለወጥም። ብዙ ሰው በዚህ ጠባዬ ይጠላኛል። ከወንበሩ ተነሳሁና በሩ ላይ ቆምኩ።

"ልጄ፣ ቅቤ አለ ብለህ የምትጠይቀው ለምንድነው?"

ከሰሜን የመጣ፣ ወልቂጤ ሠርቶ በቅርቡ ወደዚህ የተዛወረ ሰው ነው። ትሑት ነው፣ ግን ደክሞታል። "እማማ፣ ካሴቱን ያበላሽብኛል" አለኝ። "ይህ ፊልሙን የምንከትበት ሳጥን ካሴት ይባላል። አገጫቸውን እሱ ላይ ነው የሚያስደግፉት፣ ከአንገታቸው የሚወርደው ሁሉ እሱ ላይ ነው። አዲሱ ገና መምጣቱ ነው። ስለዚህ ለቅቤዎቹ አሮጌውን ነው የምጠቀመው።"

"ቅቤዎቹ ማን ናቸው?"

"ያው… አራሶች።"

"ለገበሬው አዲስ፣ ለአራሷ አሮጌ?"

"ሁለቱም ያነሳሉ፣ እማማ። ፊልም አይዋሽም። እባክዎን ሰው እየጠበቀኝ ነው።"

ሦስቱን ፊልሞች ደራርቤ በእጁ ሰጠሁት። ሊመልስልኝ ነበር፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ ካለው የብርሃን ሳጥን ላይ ሰካቸው። ቆሞ አየ። አንዱን አነሳ፣ እንደገና መለሰ። ሌላውን አነሳ፣ መለሰ። በመጨረሻ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"ነገ ቅቤ ተቀብቼ እመጣለሁ" አልኩት። "በአሮጌው አንሳኝ። የኔም ደረት ላይ ከወጣች የማን እንደሆነች እናውቃለን።"

"አይሆንም" አለ ዓይኑን ከፊልሞቹ ሳያነሳ። "ለክርክር ተብሎ ራጅ አይነሱም። ደግሞ ሰው አያስፈልግም።"

"ሰው ከሌለ ማንን ታነሳለህ?"

"ማንንም።"

ይህን ሲል ከኋላዬ የልጅ ልጄ ክንዴን ያዘችኝ።

ነጋዴዋን በአሮጌው ሊያነሳት የነበረውን ተወው፤ ከሰዓት በኋላ ተመለሺ አላት። እኔን ደግሞ ቀጭን አሉሚኒየም ያምጡልኝ አለኝ። ተማሪ ሳለ የካሴትን አቅም በዚያ ነበር የሚለኩት፤ ተቆራርጦ እንደ ደረጃ የተደራረበ አሉሚኒየም፣ በአንድ በኩል ስስ፣ በሌላ በኩል ወፍራም። ገበያው ሩቅ አይደለም። ከኔ ቦታ ጎን ድስት የሚሸጥ ሰው አለ። ከእርሱ አንድ ክዳን ወስጄ ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ጋ ሄድኩና ረጅምና አጭር ቁራጭ አስቆረጥኩ።

"ምን ልትሠሪበት ነው?" አለኝ ቀጥቃጩ።

"ማንንም ልናነሳበት ነው" አልኩት። እንደ ቀልድ ነበር ያልኩት፣ ራሴን ግን አላሳቀኝም።

ለምሳ ሰው ሁሉ ሲወጣ ተመለስን። ግቢው ጭር ብሏል። ባለሙያው ሁለቱንም ካሴቶች ጠረጴዛው ላይ አድርጎ አሮጌውን ከፈተልን። እንደ መጽሐፍ ነው የሚከፈተው። በሁለቱም ገጽ ውስጡ ነጭ፣ ለስላሳ ወረቀት የመሰለ ነገር ተለጥፏል። "ስክሪን ነው" አለን። "ፊልሙ በሁለቱ መካከል ነው የሚተኛው። ራጁ ብቻውን ፊልም ለማጥቆር ደካማ ነው። ስክሪኑን ሲመታው ግን ስክሪኑ ያበራል፣ ፊልሙን በአብዛኛው የሚያጠቁረው ያ ብርሃን ነው። አሁን የምንለካው እያንዳንዱ ስክሪን ምን ያህል እንደሚያግዝ ነው።"

ወደ ጨለማው ክፍል ገብቶ ሁለቱንም ካሴቶች ፊልም አጎረሳቸው። በየአንዳንዳቸው አንድ ጥግ ላይ ፊልሙን በሁለቱም ወገን በጥቁር ወረቀት ሸፈነው፤ እዚያ ጥግ ላይ የስክሪኑ ብርሃን እንዳይደርስና ራጁ ብቻውን የሚሠራውን እንድናይ ነው። ከዚያ የኔን የድስት ክዳን ቁራጮች ደረጃ አድርጎ አዲሱ ካሴት ላይ ከግርጌው አኖረው። በእርሳስ ከተሸፈነው ግድግዳ ጀርባ ቆመን ቁልፉን ተጫነ። ማሽኑ አጉረመረመ፣ ቀጭ አለ። ደረጃውን ወደ አሮጌው አዛወረ። በዚያው መጠን፣ በዚያው ርቀት፣ እንደገና ተጫነ። ከማሽኑ ፊት ሰው የለም። ባዶ ቦታ ነው ያነሳነው።

ፊልሞቹ ሲታጠቡ የልጅ ልጄን አየኋት። በጡቷ በኩል ቀሚሷ ረጥቦ ነበር፤ የማለቢያዋ ሰዓት አልፏል።

እርጥብ ፊልሞቹን ከነመስቀያቸው አምጥቶ ብርሃኑ ላይ ሰቀላቸው። በሁለቱም ላይ ጥቁር ወረቀት የነበረበት ጥግ ምንም እንዳልነካው ፈዟል፤ ያለ ስክሪን ራጁ ያን ያህል ደካማ ነው ማለት ነው። የአዲሱ ደረጃ ከጥቁር እስከ ግራጫ ጥርት ብሎ ይወርዳል። የአሮጌው ግን ገና ከመጀመሪያው የገረጣ ነው። ባለሙያው በጣቱ እየጠቆመ አስተያየ። የአዲሱ ሦስተኛ ደረጃና የአሮጌው የመጀመሪያ ደረጃ እኩል ጠቁረዋል።

"በጣም ደክሟል" አለ ለራሱ።

እኔ ደረጃውን አልነበረም የማየው። ከደረጃው በላይ፣ አሉሚኒየም በሌለበት፣ ምንም ባልነበረበት ሰፊ ጥቁር ቦታ ላይ ያቺ ጠብታ ነበረች። ጎድን የለም። ልብ የለም። ትከሻ የለም። እርሷ ግን ቦታዋን ይዛ፣ ደረት የሚመጣላት ይመስል ትጠብቃለች።

የልጅ ልጄ እጇን አንስታ ከአንገት አጥንቷ በታች ያለውን ቦታ ነካች። እንደሚያሳክከው ሰው አሸችው።

"በሽታዋ የካሴቱ ናት" አለ ባለሙያው። ድምፁ ተለውጦ ነበር። "ስክሪኑ ላይ ብርሃን የሚከለክል ነገር አለ። እዚያ ቦታ ላይ ፊልሙ ሳይጠቁር ይቀራል። ነጭ ሆኖ ስናየው ሳንባ ውስጥ ያለ ይመስለናል።"

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። የልጅ ልጄንና ጠዋት እንዲደርቅ የተሰቀለውን የሽማግሌውን ገበሬ ፊልም በዓይኔ አይቻለሁ፤ እኩል ነው የጠቆሩት።

"ልጄ፣ አሮጌው ደካማ ከሆነ የአራሶቹ ፊልም እንዴት እንደ ሌላው ጠቆረ?"

መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። "ጨምሬ ነው።"

"ምን ጨምረህ?"

"ራጁን። ፊልሙ ሲገረጣብኝ ትንሽ ጨመርኩ፣ ከዚያ እንደገና ትንሽ። ለቅቤዎቹ ካሴት ከፍ ማድረግ ልማድ ሆነብኝ። የሚጎዳ መጠን አይደለም እማማ፣ ትንሽ ነው።"

"ትንሽ ከሆነ ለሌሎቹ ለምን አልጨመርክላቸውም?"

አንገቱን ደፍቶ ቆመ፤ የልጅ ልጄ ደግሞ ስለ እርሱ አፍራ ወደ ግድግዳው ዞረች። እርሷ እንዲህ ናት፤ የበደላትን ሰው ታፍርለታለች። እኔ አላፍርለትም።

"አሳየኝ" አልኩት። "ያቺን ነገር በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።"

ሁለቱንም ካሴቶች ባዶ አድርጎ ከፍቶ ከማሽኑ ሥር ጎን ለጎን ዘረጋቸው። ከመከላከያው ግድግዳ ጀርባ ባለችው ወፍራም መስታወት በኩል እንድናይ አቆመንና መብራቱን አጠፋ። ዓይናችሁ እስኪለምድ ጠብቁ አለን። ውጭ ቀትር ነው፤ እዚህ ግን የራሴን እጅ አላይም። የሦስታችን ትንፋሽ ይሰማል። የወተትና የቅቤ ሽታ አለ። ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ "አሁን" አለ።

ማሽኑ አጉረመረመ። ከጨለማው ውስጥ ሁለት ሰማያዊ ገጾች ብልጭ አሉ። አንዱ ድምቅ ያለ ነው። ሌላው የፈዘዘ፣ ውኃ ሥር ያለ ይመስላል፣ በላዩም አንድ ጥቁር ምልክት አለ። ቀጭ አለ፤ አዲሱ ወዲያው ጠፋ። አሮጌው ግን አልጠፋም። ማሽኑ ዝም ካለ በኋላም በጣም ቀስ ብሎ፣ ሊያንቀላፋ እንዳለ ዓይን ትንሽ በራ። ምልክቷ እስከ መጨረሻው በላዩ ላይ ነበረች። ከዚያ ሁሉም ጨለመ፤ እኔ ግን ዓይኔን ስጨፍን ለረጅም ጊዜ አየኋት።

መብራቱን አብርቶ ባትሪ በጎን በኩል ስክሪኑ ላይ አበራበት። ቢጫ ነበረች። ባቄላ አልነበረችም፤ ጣት ናት። የአውራ ጣት አሻራ፣ ከነመስመሮቿ፣ አቧራ ይዛ ደርቃ። ጎንበስ ስል የከረመ ቅቤ ሸተተኝ። የአራስ አንገት የነካ እጅ፣ ሳይታጠብ ጨለማ ውስጥ ገብቶ፣ ስክሪኑን ተጭኖታል። አዲሱን ከቅቤ ለማዳን የለዩት ካሴት፣ ቅቤ እንዲህ አድርጎ አበላሽቶታል።

ባለሙያው ሳይነካት አውራ ጣቱን ከአጠገቧ አስጠጋ። የእርሱ ሰፊ ነው። እርሷ ጠባብና ረጅም ናት።

"የኔ አይደለችም" አለ።

"ከአንተ በፊት ማን ነበር?"

"አላውቅም። ስመጣ ክፍሉ ተቆልፎ ነበር፤ ከተቆለፈም ቆይቶ ነበር። ካሴቱን እዚያው መደርደሪያ ላይ ነው ያገኘሁት።"

የጉብሬዋ ሴት ያለችውን አስታወስኩ። አንድ እጅ ነው የነካን።

ሐኪሙ ከምሳ ሲመለስ ባለሙያው ራሱ ሄዶ ሁሉንም ነገረው፤ ስለ ጨመረው ራጅም ሳይቀር። ይህን አልደብቅለትም። የልጅ ልጄ በአዲሱ ካሴት ተነሳች፤ በቅቤዋ፣ አንገቷ ላይ ንጹሕ ጨርቅ ተደርጎ። ይኸው ነው የሚያስፈልገው፣ አንድ ጨርቅ። ፊልሙ ሲወጣ ደረቷ ጥቁርና ባዶ ነበር፣ እንደሚገባው። ሐኪሙ ቀና ብሎ "ሳንባሽ ደህና ነው፣ ሳልሽ የብርድ ነው። ልጅሽን አጥቢ" አላት። እርሷም አለቀሰች።

እኔ ግን አልወጣሁም። "ሌሎቹስ?" አልኩ። "በዚያ ካሴት የተነሱት ሁሉ ይጠሩ። እስኪደወል እዚህ ወንበር ላይ ነኝ።" ተደወለ። ነጋዴዋ በዚያው ቀን ተነስታ ጠራላት። ሌሎችም በኋላ መጡ፤ አንዳንዶቹ በዚያች ጠብታ ምክንያት መድኃኒት ሊጀምሩ የነበሩ ናቸው። የጉብሬዋ ሴት ግን ጠዋት ፊልሞቹ ከብርሃኑ ሲወርዱ የራሷን ተቀብላ ሄዳለች፤ ስልኳ ዝግ ነው። ገበያ ላይ ከዚያ በኩል የሚመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ። እስከ ዛሬ የሚያውቃት የለም።

ቡኢ የደረስነው ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ነው። ሚኒባሱ ውስጥ አዲሱን ፊልም የልጅ ልጄ፣ ሰው የሌለበትን፣ ‘የማንንም’ ፊልም ደግሞ እኔ ይዤ ነበር። ባለሙያው ማስቀረት ፈልጎ ነበር፤ አልሰጠሁትም።

አማቷ በር ላይ ቆማ አገኘናት። ሕፃኗን በጀርባዋ አዝላታለች።

"አሰላሙ አለይኩም" አልኳት።

"ወአለይኩም ሰላም። ሐኪሙ ምን አለ?" አለች ከመድረኩ ሳትንቀሳቀስ።

"ደህና ናት።"

"ያኔም አክታዋ ደህና ነው ብለው ነበር። ፊልሙ ነው ያጋለጠው።" ማዘያዋን አጠበቀች። "አንቺ እኔን ክፉ ትያለሽ። እኔ አንድ ልጅ በሳንባ ቀብሬአለሁ። እርሱም መጀመሪያ ሳል ነው ብለውኝ ነበር።"

ይህን አውቃለሁ፤ ቀብሩ ላይ ነበርኩ። ስለዚህ አልጮኽኩባትም። "እንግዲያው በፊልም ነው የምንነጋገረው" አልኳትና አልፌያት ገባሁ። በምዕራብ በኩል ባለው መስኮት ላይ የልጅ ልጄን አዲስ ፊልም ለጠፍኩ። ቀጥሎ ከጎኑ የማንንም ፊልም ለጠፍኩ።

ቀረብ ብላ አየች። መጀመሪያ የአዲሱን ደረት በጣቷ ዳሰሰች፤ ጠብታዋን ፈለገች፣ አጣቻት። ከዚያ ወደ ሌላው ዞረችና እዚያ አገኘቻት።

"ይቺ ናት" አለች። "ይህስ የማን ደረት ነው?"

"ጎድኑን ቁጠሪው።"

ፊቷን ወደ መስታወቱ አስጠጋች። "ጎድን የለውም።"

"ማንም የለበትም። ባዶ ቦታ ነው የተነሳው። ፊልም የሚከቱበት ሳጥን ውስጥ የቀረች የሰው ጣት አሻራ ናት፤ በሄደችበት ሴት ሁሉ ደረት ላይ ስታርፍ የኖረች።"

"ጣቱ የማን ነው?" አለችኝ።

"አይታወቅም።"

ማዘያውን መፍታት ጀመረች። እጆቿ ቋጠሮውን ለማግኘት ተቸገሩ፤ የልጅ ልጄ ልትረዳት ቀረበች፤ ሁለቱም አንድ ላይ ፈቱት። ሕፃኗን ሰጠቻት።

ሕፃኗ መጀመሪያ ጡቱን አልያዘችም። ፊቷን አዞረች፣ አለቀሰች፣ ጡጦ የለመደ አፏ ምን እንደሚያደርግ አላወቀም። የእናቷ ወተት ግን ሳይጠራ ፈሰሰ፣ ጉንጯን አራሰው። ከዚያ ያዘች። የመዋጧ ድምፅ ቤቱ ውስጥ ተሰማ።

ያን ጊዜ ፀሐይዋ ከመስኮቱ ትይዩ ገባች። ፊልሞቹ ብርሃኑን ከለከሉትና ቤቱ ደብዘዝ አለ፤ ከጥቁሩ ፊልም መካከል በነጯ ቦታ በኩል ግን አንዲት ትንሽ ብርሃን አለፈች። የሕፃኗ ጉንጭ ላይ አረፈች። አውራ ጣት ታክላለች።

አማቷ አየቻት፤ እኔም አየሁ። የልጅ ልጄ አላየችም፤ ዓይኗን ጨፍናለች። አማቷ እጇን ዘርግታ በሕፃኗ ጉንጭና በመስኮቱ መካከል አደረገችው፤ ብርሃኗ መዳፏ ላይ አረፈች። እንደዚያው ይዛት ቆመች፤ እኔ ወደ መስኮቱ ሄጄ ፊልሙን እስክነቅለው ድረስ።